የበረሃ ሴት ያጠባችው እንግሊዛዊ፦ የኩዌቱ «አቡ ሳዑድ» እና የሰሉኪ ውሾች

ከብድ ወይም ወፍራ ውስጥ ጃኹር ያለው ቤተሰብ ጋር የሠራች እኅት ይህን ውሻ ታውቀዋለች። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል፤ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጆሮው ላይ እንደ ሐር የለሰለሰ ጸጉር ተንጠልጥሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው አንጀቷን ይበላታል። ይህን ያህል ሀብት ያለው ሰው ውሻውን እንዴት ያስርበዋል ብላ ከምሳ የተረፈ መችቡስ ይዛ ትሄዳለች። ባባ ከወዲያ ማዶ የሚጮኸው ያኔ ነው። ውሻው አልተራበም። አፈጣጠሩም አያያዙም ለሩጫ ስለሆነ እንዲወፍር አይፈለግም።

ስሙ ሰሉኪ ነው፤ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ስሉጊ ይሉታል። ከቅጥነቱ ይልቅ ብዙዎቻችንን ግራ የሚያጋባን ሌላ ነገር ነው። በብዙ ቤቶች ውሻ ነጂስ ነው፣ ዕቃ እንዳይነካ ይባላል፤ ውሻ የላሰው ሳህን ሰባት ጊዜ፣ አንዱም ጊዜ በአፈር እንዲታጠብ የምታዝ ማዳም አለች። ታዲያ ይኼኛው በምን ዕድሉ ነው በክረምቱ ድንኳን ምንጣፍ ላይ የሚንጋለለው?

የዚህን መልስ በዝርዝር ጽፈው ካለፉት ሰዎች አንዱ ሠላሳ ዓመት ኩዌት ኖረው እዚሁ ያረፉ እንግሊዛዊ ናቸው። ሙሉ ስማቸው ሃሮልድ ሪቻርድ ፓትሪክ ዲክሰን ሲሆን የአገሩ ሰው የሚያውቃቸው አቡ ሳዑድ በሚለው ስም ነው። በአረብያን ገልፍ ጎዳና ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያየው፣ ነጭ ግድግዳና ሰማያዊ እንጨት ያለው አሮጌ ቤት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚያ ያለፋችሁ ብዙ ትሆናላችሁ። የባለቤቱ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከዚህ ርቆ፣ በአንዲት ሴት ጡት ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጡት እናት

ዲክሰን የተወለዱት በ1881 ቤይሩት ውስጥ ነው። አባታቸው በዚያ አካባቢ የሚያገለግሉ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስላ ነበሩ፤ በኋላ ኢየሩሳሌም ላይም ሠርተዋል። ሕፃኑ ገና ሳይጠነክር የእናቱ ወተት ደረቀ። በዚያ ዘመን የቆርቆሮ ወተት እንደዛሬው በየሱቁ አይገኝም። ጡት የምታጠባ ሴት ካልተገኘች ሕፃኑ አይተርፍም። በመጨረሻ ከዐነዛ ጎሳ የሆነች አንዲት የበረሃ ሴት ተገኘችና አጠባችው። ልጁም ተረፈ።

ሞግዚት ሆና ለምትሠራ እኅት ይህ ተራ ነገር ሊመስላት ይችላል። በዐረቡ ዘንድ ግን ጡት ማጥባት ዝምድና ያመጣል። ሪዳዓ ይሉታል። በእስልምና ሕግ ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እኅት ናቸው፤ አይጋቡም። ያጠባችው ሴትም እናት ትባላለች። ነቢዩ ሙሐመድን ያጠባቻቸው ሐሊማ የበረሃ ሴት እንደነበረች ሙስሊም እኅቶቻችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ አድገዋል፤ በሕፃንነታቸው የተንከባከበቻቸው ኡሙ አይመን፣ በስሟ በረካ፣ ሐበሻ እንደነበረችም ይተረካል። በእኛም አገር ቢሆን ሰው በማር የተቀባ ጡት ወይም ጣት ጠብቶ የጡት ልጅ የሚሆንበት ልማድ ነበር፤ ሥጋ ያላገናኘውን ሰው ዘመድ የሚያደርግ ቃል ኪዳን ነው።

ዐነዛ ትንሽ ጎሳ አይደለም። የኩዌት ገዢዎች አል ሳባሕም፣ የሳዑዲ ገዢዎች አል ሳዑድም የዘር ሐረጋቸውን ከዚያ ይመዝዛሉ። ስለዚህ ሕፃኑ ሃሮልድ ሳያውቀው ትልቅ ዝምድና ጠጥቷል ማለት ነው። ኋላ የእንግሊዝ ሹም ሆነው በየድንኳኑ ሲገቡ ዲክሰን ይህን ወተት አልረሱትም፤ በረኸኞቹም አልረሱባቸውም። ከደብዳቤና ከማኅተም ይልቅ በር የከፈተላቸው ያ ወተት ነበር።

ወታደሩ፣ የባንኳ ሠራተኛና ረጅሙ ዙር

ዲክሰን ያደጉት በሶርያና በኢየሩሳሌም ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዐረብኛ ሲሰሙ ስላደጉ ቋንቋው ከትምህርት ቤት የመጣ አልነበረም። እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ተማሩ፤ በ1903 ወታደር ሆኑ፤ ከዚያም ወደ ሕንድ ጦር ተዛወሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ዛሬ ኢራቅ ወደምንለው አገር ዘመቱ። አለቆቻቸው ቋንቋውን ማወቃቸውን ሲያዩ ጠመንጃውን አስቀምጠው ከጎሳ አለቆች ጋር የሚነጋገሩ ሹም አደረጓቸው። ለአጭር ጊዜም ባሕሬን ላይ የእንግሊዝ ወኪል ሆነው ሠሩ።

በ1920 በፈረንሳይዋ የማርሴይ ወደብ ሲያልፉ ፖስታቸውን ለመቀበል አንድ ባንክ ገቡ። እዚያ የምትሠራ ቫዮሌት የምትባል የ24 ዓመት እንግሊዛዊት አገኙ። ትውውቃቸው የቀናት ነበር። እሳቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ የጋብቻ ጥያቄውንም በቴሌግራም ላኩላት። በዚያው ዓመት ቫዮሌት መርከብ ተሳፍራ ቦምቤይ ደረሰችና ተጋቡ። እሷም ቤተሰቧን ትታ፣ ብዙም የማታውቀውን ሰው አምና፣ ወደማታውቀው አገር ነበር የተሻገረችው። በኋላ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ወለዱ። ወንዱን ሳዑድ፣ ሴቷን ዛህራ ብለው የዐረብ ስም አወጡላቸው። አባትየው አቡ ሳዑድ፣ እናቲቱ ኡም ሳዑድ የተባሉት ከዚያ ወዲህ ነው። የወላጅን ስም ትቶ በልጅ ስም መጥራት እዚህ አገር የአክብሮት ምልክት ነው፤ ማዳማችሁን እንግዶቿ ኡም እገሌ ሲሏት የምትሰሙት ይኸው ነው።

ኩዌት፣ 1929

ዲክሰን የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ሆነው ኩዌት የገቡት በግንቦት 1929 ነው። ያን ጊዜ ኩዌት በጭቃ ግንብ የታጠረች የባሕር ከተማ ነበረች። ዛሬ ሳልሚያና ሐወሊ፣ ፈርዋኒያና ጀህራ ተቀጣጥለው አንድ የሆኑበት ምድር አብዛኛው ባዶ ሜዳ ነበር። ሕዝቡ የሚኖረው በዕንቁ ጠለፋ፣ በመርከብ ንግድና ከበረሃ በሚመጣ ከብት ነው። ነዳጅ የሚባል ገና አልወጣም። ከዚህም በላይ የዕንቁ ዋጋ የሚወድቅበት ክፉ ዘመን እየመጣ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ሰላም አልነበረውም። ኢኽዋን የሚባሉት የበረሃ ተዋጊዎች በሳዑዲው ንጉሥ በኢብን ሳዑድ ላይ አምፀው ወደ ኩዌት ድንበር ተገፉ። በጥር 1930 መሪያቸው ፈይሰል አል-ዱወይሽ እጁን ለእንግሊዞች ሰጠ፤ እነሱም ለንጉሡ አሳልፈው ሰጡት። እጁን ሲሰጥ ሴቶቹንና ልጆቹን አደራ ያለው ለዲክሰን ቤት ነው። ቫዮሌት ተቀበለቻቸው። አንድ ሰው ለጠላቱ ሹም ቤተሰቡን አደራ ሲል ምን ያህል አምኖት እንደሆነ ማሰብ ነው። ያንኑ ሰው አሳልፎ የሰጠውም ያው ሹም የሚያገለግለው መንግሥት ነው። በዲክሰን ሕይወት ሁለቱ ነገሮች ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ የጡት ልጅም ናቸው፣ የባዕድ መንግሥት ሠራተኛም ናቸው።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ በክረምቱ ወራት ከተማውን ትተው በረሃ መውጣት ለመዱ። ከፍየል ጸጉር የተሠራ ጥቁር ድንኳን አስተክለው እንደ በረኸኞቹ ይኖራሉ። እሳቸው በወንዶቹ በኩል ከሽማግሌዎችና ከአዳኞች ጋር ቡና ይጠጣሉ። ቫዮሌት ደግሞ በመጋረጃው ማዶ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች፤ ወንድ የማይሰማውን ትሰማለች። ማታ ሁለቱም ያዩትንና የሰሙትን ይጽፋሉ። ስለ አደን የምናውቀው ብዙ ነገር ከዚያ ማስታወሻ የመጣ ነው።

ዓይንና እግር

በእንግሊዝ አገር ትንንሽ አውሬ የሚያድኑት ብዙውን ጊዜ በቴሪየር ነው። ቴሪየር አጭር፣ ኃይለኛ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቀበሮን የሚያስወጣ ውሻ ነው፤ ስሙም መሬት ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። በኩዌት ሜዳ ግን የእንግሊዝ ቴሪየር ብዙ አይፈይድም። የበረሃዋ ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም። ዐርፈጅ ከሚባለው ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ሥር ትንሽ አሸዋ ጭራ፣ ጆሮዋን ጀርባዋ ላይ አጋድማ ትተኛለች። ሰው በአጠገቧ ቢያልፍ እንኳ አትንቀሳቀስም። ልትረገጥ ስትል ግን እንደ ጥይት ትተኮሳለች። ስለዚህ በዚህ አገር አዳኝ ውሻ የሚያስፈልገው ሩቅ የሚያይ ዓይንና የማይደክም እግር ነው። ሰሉኪ የሚያድነው እንደ ብዙ ውሾች በአፍንጫው ሳይሆን በዓይኑ ነው፤ ሲሮጥም በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል።

አደኑ እንዲህ ነው። ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ አዳኙ ውሾቹን ይዞ ይወጣል። ጥንቸሏ ስትነሳ ይለቃቸዋል። ቀጥታ ሩጫ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቶሎ ያልቅ ነበር፤ ጥንቸሏ ግን እየታጠፈች ትሮጣለች። ውሻው በፍጥነቱ አልፏት ይሄዳል፤ ተመልሶ እስኪዞር እሷ ርቃለች። ለዚህ ነው ሁለት ውሾች አብረው የሚለቀቁት፤ አንዱ ሲያሳድድ ሌላው መታጠፊያዋን ይጠብቃል። አንዳንዴ ትያዛለች፣ አንዳንዴ ታመልጣለች።

ለሼኽ ይህ ጨዋታ ነው፤ ለድሃው በረኸኛ ግን ወጥ ነበር። በረኸኛ ግመሉንና በጉን እንዲሁ አያርድም። ወተቱና ሱፉ ኑሮው ነውና፣ እንግዳ ካልመጣ ወይም በዓል ካልሆነ ቢላዋ አያነሳም። ቴምርና ወተት እየበሉ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚያ መሐል ውሻው አንዲት ጥንቸል ይዞ ሲመጣ የድንኳኑ ልጆች ሥጋ ያገኛሉ። ሰሉኪ የሚከበረው በዚህ ነው። እኛ አገር ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን። ይኼኛው ግን የሚያበላም ነው።

ሃይማኖቱም መንገድ ሰጥቶታል። በቁርዓን አምስተኛው ምዕራፍ ላይ የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ ይዞ ያመጣው እንዲበላ ተፈቅዷል። ሥርዓት ግን አለው፦ ውሻው የሠለጠነ መሆን አለበት፤ ሲለቀቅ የአላህ ስም ይጠራል፤ የያዘውን ለጌታው ማቆየት አለበት፣ ራሱ ከበላለት አይሆንም፤ እንስሳው በሕይወት ከተደረሰበት ይታረዳል። እንግዲህ በበረኸኛው ዓይን ሰሉኪ እንደ ሠፈር ውሻ አይደለም። ከልብ ብለው አይጠሩትም፤ ከልብ ውሻ ማለት ነው። ይህ ሰሉኪ ነው፣ አለቀ። ድንኳን ይገባል፤ በብርድ ሌሊት ልብስ ይለብሳል፤ መዳፉ በጠጠር እንዳይቆስል ሂና ይቀባል። ጥሩ ሰሉኪ ለወዳጅ ይሰጣል እንጂ ገበያ ወጥቶ አይሸጥም ይባል ነበር። ቡችላውንም ብዙውን ጊዜ የሚያሳድጉት ሴቶቹ ናቸው፤ ከልጆቻቸው ጋር አብረው እየመገቡ። አዳኙ ወንድ ነው ቢባልም፣ አዳኙን ውሻ ያሳደገችው ሴት ናት።

ስለ ጥንቸል ሥጋ አንድ ነገር ልጨምር፤ ወጥ ቤት ውስጥ ግራ የሚያጋባ ስለሆነ። ሱኒ ቤተሰቦች ዘንድ የተፈቀደ ነው፤ ሺዓዎች ግን ጥንቸል አይበሉም። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ልጅም አትበላም። ስለዚህ አንዲት ተዋሕዶ እኅት ሺዓ ቤት ብትሠራ፣ በዚህ ነገር ከማዳሟ ጋር አንድ ናት።

ጭልፊትና ሁባራ

ከውሻው ጎን ሁልጊዜ የምትነሳው ጭልፊት ናት። በመጅሊሱ ጥግ እንጨት ላይ ቆማ፣ ዓይኗን የሚከልል የቆዳ ቆብ አድርጋ ያያችኋት ናት። ቆቡ ቡርቁዕ ይባላል፤ የቆመችበት ወክር ነው። ዋናዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ሑር የሚሏት ትልቋና ታጋሿ፣ ሻሂን የሚሏት ፈጣኗና ቁጡዋ። በመከር ወቅት ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲያልፉ በባሕሩ ዳር ይያዛሉ። በድሮው ዘዴ አጥማጁ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይደበቃል፤ በገመድ የታሰረች ርግብም ያንቀሳቅሳል። ጭልፊቷ ርግቧን ይዛ ስትበላ ቀስ ብሎ እግሯን ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። አሠልጣኙ ቀንና ሌሊት በጓንት እጁ ላይ ይዟት ሰው መሐል ይቀመጣል፤ ድምፅ፣ ሳቅ፣ የልጅ ሩጫ ትለምዳለች። ከእጁ ሌላ ምግብ አታገኝም። ስሟንም ከምግቡ ጋር ትማራለች። መጅሊስ ውስጥ ሆና ሁካታው የማያስደነግጣት ለዚህ ነው። አንዲት ጭልፊት ለዚህ የምትበቃው በሳምንታት ነው። የሚታደነው ሁባራ የሚባል፣ ዶሮ የሚበልጥ፣ መልኩ ከአሸዋው የማይለይ ወፍ ነው፤ ክረምት ሲገባ ከሰሜን ይመጣል። ሁባራ ያለ ትግል አይያዝም። የሚጣበቅ ኩስ ተፍቶ የጭልፊቷን ላባ ያጣብቅባታል፤ ላባዋ የተጣበቀ ጭልፊት ደግሞ አትበርም። ሚዳቋ ሲታደን ውሻውና ጭልፊቷ አብረው ይለቀቃሉ፤ እሷ በሚዳቋዋ ራስ ላይ እየተወረወረች ታደናግራታለች፣ ሩጫዋ ሲቀንስ ውሻው ይደርስባታል።

ዲክሰን ይህን ሁሉ የሰበሰቡት ራሳቸው አድነው ብቻ ሳይሆን ጠይቀው ነው። የውሻው ጾታ፣ የመልኩ ስም፣ የጭልፊቷ ዕቃ፣ የአረማመዱ ቃል፤ ምንም አይቀራቸውም። እኔ ተርጓሚ ነኝና ለእንዲህ ያለ ሰው ልቤ ይሸነፋል። መዝገበ ቃላት ላይ የሌለ ቃል የሚገኘው እንዲህ ከእረኛና ከአሳዳጊ አፍ ነው።

ሕልም፣ ነዳጅና መኪና

በታኅሣሥ 1934 የኩዌቱ ገዢ ሼኽ አሕመድ አል-ጃቢር የነዳጅ ፍለጋውን ውል ከኩዌት ኦይል ካምፓኒ ጋር ፈረሙ። ዲክሰን በ1936 ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጡና የዚያው ኩባንያ ወኪል ሆኑ። የእንግሊዝ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላ ሕንፃ ቢዛወርም፣ እሳቸውና ቫዮሌት ከአሮጌው ቤት አልወጡም።

የመጀመሪያው ቁፋሮ በሰሜን፣ ባሕራ በሚባል ቦታ ተሞክሮ አልሆነም። በ1937 ዲክሰን ሕልም አዩ። በበረሃ ውስጥ ካለ አንድ የሲድር ዛፍ አጠገብ አንዲት ቆንጆ ሴት ከመቃብር ስትነሳ ነበር። ሕልሙን ለአንዲት ሕልም ፈቺ በረኸኛ ሴት ነገሯት። ሴትዮዋም ዛፉ ያለው በቡርጋን በኩል ነው፣ ሀብቱም እዚያ ነው አለቻቸው። ዲክሰን ታሪኩን ራሳቸው ጽፈውታል። ለሕልም የምናደላ እኛ ሐበሾች ብንደነቅ አይገርምም፤ የኩባንያው ባለሙያዎች ግን በቡርጋን የቆፈሩት መሬቱን መርምረው ነው። ያም ሆነ ይህ በየካቲት 1938 ቡርጋን ላይ ነዳጅ ተገኘ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፣ በ1946፣ የመጀመሪያው ነዳጅ በመርከብ ተጫነ።

ያ ነዳጅ የዛሬዋን ኩዌት ሠራ። እኛንም ወደዚህ ያመጣን እሱ ነው። የዲክሰንን በረሃ ደግሞ እሱው ጨረሰው። መኪናና ጠመንጃ አብረው መጡ። ለሰሉኪ ጥንቸሏ የማምለጥ ዕድል ነበራት፤ ለመኪና ግን ሚዳቋ የምታመልጥበት ሜዳ የላትም። መንጋው በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ ከኩዌት በረሃ ጠፋ። ለጡት ዘመዶቻቸው ምድር የነዳጁን መንገድ ካመቻቹት አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ ያ መንገድ ግን የሚወዱትን አደን ያለ ውሻና ያለ ጭልፊት አስቀረው።

የጻፉትና ያልጻፉት

በ1949 ስለ በረሃው ዐረብ ኑሮ ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተሙ። ድንኳን፣ ሠርግ፣ ምግብ፣ ግመል፣ ጭልፊት፣ ሰሉኪ፣ አንበጣ፣ ዕንቁ፣ ሁሉም አለበት። የሴቶቹ ኑሮ የተጻፈው ቫዮሌት ከመጋረጃው ማዶ በሰማችው ነው። በ1956 ስለ ኩዌትና ጎረቤቶቿ ሁለተኛውን ጻፉ። ኩዌታውያን ምሁራን ራሳቸው የአያቶቻቸውን ኑሮ ለማወቅ ዛሬም እነዚህን መጻሕፍት ያገላብጣሉ።

ጉድለት የለባቸውም ማለት አይደለም። ዲክሰን ዓለሙን ያዩት ከሼኹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነው። በዚያ ዘመን በየድንኳኑና በየቤቱ ከአፍሪካ የመጡ ባሮች ነበሩ፤ ከሐበሻ ምድር የተወሰዱም ነበሩባቸው። ቡናውን የሚቀዳው፣ እሳቱን የሚያነደው ሰው ስለ ራሱ ምን እንደሚል ከመጽሐፉ ብዙ አናገኝም። የውሻ ስም፣ የጭልፊት ዘር በጥንቃቄ ተመዝግቧል። ያጠባቻቸውን ሴት ግን ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያውቃት በጎሳዋ ብቻ ነው። በበረሃ በር ሁሉ የከፈተላቸው የእሷ ወተት ነው፤ በግድግዳ ላይ ስማቸው የተጻፈው ግን የእሳቸው ነው።

ዲክሰን በሰኔ 1959 በ78 ዓመታቸው ኩዌት ውስጥ አረፉ። ቫዮሌት ወደ እንግሊዝ አልተመለሰችም። በዚያው ቤት ብቻዋን ሠላሳ ዓመት ኖረች። የበረሃ አበቦችን እየሰበሰበች ስለ ኩዌትና ባሕሬን ዕፅዋት ጽፋለች፤ አንድ የበረሃ አበባም በሳይንስ ስሙ የእሷን የቤተሰብ ስም ይዟል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1976 ትልቅ የክብር ማዕረግ ሰጣት። በነሐሴ 1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወርር እሷ የ93 ዓመት አሮጊት ነበረች። ታማ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች። ኩዌት ነፃ ሳትወጣ፣ በጥር 1991 አረፈች። ቤት ያለችው የትኛውን እንደነበር የኖረችበት ስልሳ ዓመት ይናገራል።

ዛሬ

ዛሬ በኩዌት ዱር እንስሳትን ማደን በ2014 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 42 ይከለክለዋል። ስለዚህ ጭልፊት ያላቸው ብዙዎች ለአደን ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ፤ ሰሉኪም በብዛት የሚታየው በእሽቅድምድም ላይ ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ የሚተከለው የክረምት ድንኳን ግን የዚያ ኑሮ ቅሪት ነው። በብርዱ ሌሊት በጄኔሬተር መብራት ሩዝ ስትቀቅሉ፣ ልጆች ስታስተኙ፣ አሸዋውን ከምንጣፍ ስታራግፉ፣ የድንኳኑ ሥራ ዱሮም በሴት ትከሻ ላይ እንደነበር አስቡ። ድንኳኑን የምትሸምነው፣ የምትተክለው፣ የምትነቅለውም የበረሃዋ ሴት ነበረች።

በጦርነቱ የተጎዳው የዲክሰን ቤት ታድሶ የባህል ቦታ ሆኗል። የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የ2015 የሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣችኋል፤ በዚያ ቀን በባሕሩ ዳር የምትሄዱ ከሆነ ጎራ በሉ። የድሮ የእንጨት በሮችና ወደ ባሕሩ የሚያዩ መስኮቶች አሉት። ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ሙባረኪያ ገበያ በእግር መሄድም ይቻላል።

ብዙዎቻችሁ የሰው ልጅ እያሳደጋችሁ ነው። ልጁ እናንተን እያየ አፉን ይፈታል፤ ከማዳም በፊት የእናንተን ስም የሚጠራም አለ። ነገ አድጎ ሹም ወይም ደራሲ ይሆን ይሆናል። ያሳደገችው ሴት ስም በማስታወሻው እንዲኖር ከአሁኑ ሙሉ ስማችሁን ከነአባታችሁና ከነአገራችሁ አስተምሩት። ያቺ የዐነዛ ሴት ያላገኘችውን እናንተ ብታገኙ ደስ ይለኛል።